ኦርጋኒክ እርሻ ልትጀምሩ ያሰባችሁ የጎንደር ልጆች፣ እባካችሁ እነዚህን ተዉ

ኧረ በፈጠራችሁ፣ ትኩስ እበት ችግኝ ስር አትድፉ! አዘዞም ደንቢያም ተደራጅተው አትክልት የጀመሩ ልጆች ጋ ስሄድ መጀመሪያ የማየው ይሄንኑ ነው፣ ዩሪያ አንጠቀምም ይሉና ደስ ብሏቸው እርጥቡን እበት መደቡ ላይ ይከምሩታል፣ ከዛ ቃሪያው ሲጠወልግ ውሃ አንሶት ነው ብለው ደግሞ ያጠጡታል። ውሃ አይደለም ወንድሜ፣ እበቱ እዛው እየተብላላ ስሩን እየፈጀው ነው! የአረም ዘሩም አብሮ ይገባል። ሰላጣ ላይ ሲሆንማ የሆድ ትላትል ለበላተኛ ማቀበል ነው። የአሜሪካኖቹ የኦርጋኒክ ደንብ አፈር ለሚነካ ሰብል ጥሬ ፍግ ምርቱ ከመሰብሰቡ ቢያንስ 120 ቀን በፊት ይግባ ይላል፣ ሰላጣ ደሞ ተተክሎ እስኪቆረጥ ሁለት ወር ገደማ ነው፣ ሂሳቡን እናንተው ስሩት።

ኮምፖስት ሰኔ ላይ የምትጀምሩትም አላችሁ። ሰኔ እኮ አፈር ውስጥ የሚገባበት ነው! ሳሩና አረሙ እርጥብ ሆኖ የሚገኘው መስከረም ጥቅምት ላይ ነው፣ ያኔ ከገለባና ከእበት ጋር እየደረባችሁ ከምሩ። ክረምት ላይ ጉድጓድ አትጠቀሙ፣ ውሃ ይሞላና ይሸታል። መሃሉ ላይ ረጅም እንጨት ሰክታችሁ አልፎ አልፎ እየመዘዛችሁ ንኩት፣ ሞቅ ብሎ እርጥበት ካለው እየሰራ ነው፣ ከደረቀ ውሃ፣ ከሸተተ ማገላበጥ። እበቱን ደሞ በጊዜ ተነጋገሩበት፣ እዚህ አገር ኩበት ሆኖ ለማገዶ ስለሚሸጥ ዝም ብሎ አይገኝም።

ስሩ ላይ ነጭ ሻጋታ ያወጣ ነጭ ሽንኩርት ኮምፖስት ውስጥ አይገባም፣ ይቃጠላል። በሽታው አፈር ውስጥ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል።

ከጣና የወጣ እምቦጭ ኮምፖስት ይሆናል፣ ግን ዘር የያዘውን መስኖ ዳር እንዳትከምሩ።

መድኃኒት አንረጭም ብሎ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ደሞ ኦርጋኒክ አይባልም። ቅጠሉን ገልብጣችሁ ተባይ እንዳለ እዩ፣ ሰብል አፈራርቁ፣ ከሽንኩርት በኋላ ሽንብራ ወይ ባቄላ ዝሩ።

የአንድ ዓመት ኪራይ መሬት ላይ ይሄን ሁሉ የምትለፉት ነገር ያበሳጨኛል። የማውቃቸው ልጆች ድንጋይ ለቅመው፣ ኮምፖስት አልብሰው መሬቱን ሰው ካደረጉት በኋላ ባለቤቱ ልጄ ሊያርሰው ነው ብሎ ወሰደው፣ ውል ስላልነበራቸው ምንም ማለት አልቻሉም። ቢያንስ የሦስት ዓመት ውል፣ በጽሑፍ!

ገበያውን አስቀድማችሁ አስቡ። ቅዳሜ ገበያ ወስዳችሁ ኦርጋኒክ ነው ብትሉ እናቶቹ "ታዲያ ለምን ትል በላው?" ነው የሚሏችሁ፣ ከጎናችሁ ካለው ሳንቲም አይጨምሩም። ሆቴሎችን አናግሩ፣ ለጥምቀት እንግዳ የሚሆነውን ሰላጣ ጥቅምት ላይ ተስማምታችሁ ህዳር ላይ ትከሉ።