መብራቱ ድርግም ሲል
ፈረንሳይ አገር፣ ዶርዶኝ በሚባል አካባቢ ገጠር ውስጥ የሰው ቤት እየጠበቅኩ ነው። ኪራይ የለም፤ በምትኩ ድመቷንና ዶሮዎቹን እንከባከባለሁ። ማታ ምድጃው፣ ልብስ ማጠቢያውና ማሞቂያው አብረው ሲሠሩ መብራቱ ድርግም አለ። የጎረቤት ግን አልጠፋም። የቤቱን የመብራት ማከፋፈያ ሳጥን ከፈትኩ፤ የወረደ ማብሪያ የለም።

ጉዳዩ ሊንኪ የሚባለው ቢጫማ አረንጓዴ ቆጣሪ ጋ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ እያንዳንዱ ቤት የተዋዋለው የኃይል ጣሪያ አለው፤ ብዙ ጊዜ 6 ኪሎ ቮልት አምፔር (6 ኪሎ ዋት ገደማ)። ሲታለፍ ቆጣሪው ራሱ ይቆርጣል።

መጀመሪያ ምድጃውንና ማሞቂያውን አጠፋሁ። ከዚያ ቆጣሪው ላይ የ«+» ቁልፉን ሁለት ሰከንድ ያህል ተጭኜ ያዝኩት። ጠቅ አለ፤ መብራት መጣ! አሁን ሦስቱን በየተራ ነው የምጠቀመው።

ቤት ስትረከቡ ቆጣሪው የት እንዳለ ቀድማችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ ከግቢ ውጭ አጥር ላይ ነው፤ በጨለማ መፈለግ ያደክማል።