መሬታችሁ ዋልካ ከሆነ ፍርስራሹን አትጣሉት

ገርጂ፣ ሲኤምሲ ወይ አቃቂ ቦታ ያለው ሰው ይህን አፈር ያውቀዋል። ክረምት ላይ ጫማ ያስቀራል፣ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ዋልካ የሚለው አለ፣ መረሬ የሚለው አለ፣ መሃንዲሶቹ ብላክ ኮተን ይሉታል። ጣጣው መላላቱ ብቻ ቢሆን እኮ ቀላል ነበር። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ በላዩ ያለው ቤት በየዓመቱ ትንሽ ከፍ ትንሽ ዝቅ ሲል ይከርምና አንድ ቀን ከመስኮቱ ጥግ የጀመረ ሰያፍ ስንጥቅ ታያላችሁ።

የተለመደው መፍትሄ ጥቁሩን አውጥቶ ገረጋንቲ መሙላት ነው። ይሠራል፣ ግን በሲኖ ትራክ እያስመጡ መሙላት ኪስ ያራቁታል። ከተማው ደግሞ በፍርስራሽ ተሞልቷል። ከሙሌቱ የተወሰነውን በእሱ መተካት ይቻላል። ይህን የምላችሁ ለአጥር፣ ለሰርቪስ፣ ለግቢ ንጣፍ፣ ቢበዛ ለቪላ ነው። ቪላም ቢሆን መሃንዲስ ይየው። ፎቅ ልትሠሩ ከሆነ የአፈር ምርመራ ሳይደረግ አንድ አካፋ እንኳን አትሙሉ።

መጀመሪያ አፈሩን ፈትኑ። የሕፃን ጡጦ ይበቃል። አንድ ሜትር ገደማ ቆፍራችሁ ያወጣችሁትን አፈር አድርቁ፣ ውቀጡ፣ በደቃቅ ወንፊት ንፉ። 50 ሚሊ ሊትር ለክታችሁ ሌላ ዕቃ ላይ አስቀምጡት። ጡጦው ላይ 150 ሚሊ ሊትር ውሃ አድርጉና ዱቄቱን ቀስ እያላችሁ ነስንሱበት። በነጋታው የረጋው አፈር የት ላይ እንደደረሰ እዩ። 100 ከደረሰ ወይም ካለፈ እውነተኛ ዋልካ ነው፣ አውጡት። ከ75 በታች ከቀረ ያን ያህል አያስፈራም።

አሁን ወደ ፍርስራሹ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ነፃ ነው ሲባል ያገኘውን ሁሉ ይገለብጣል። የጭቃ ቤት ፍርስራሽ አትቀበሉ። ጭቃ፣ ጭድና እንጨት ነው፣ ጭዱና እንጨቱ ሲበሰብስ ባዶ ቦታ ይተዋል። የምትፈልጉት ኮንክሪት፣ ድንጋይና ጠንካራ ብሎኬት ነው። ብሎኬቱን በመዶሻ መታ አድርጉት፤ በአንዴ ዱቄት የሚሆነው ቀላሉ የፑሚስ ብሎኬት መጠቅጠቂያ ስር አይቆምም። ፌሮውን ለቆራሌ ስጡ፣ ፍርስራሹን የማስፈጫውን ወጪ ትንሽ ይደግፋል። ላስቲክና እንጨት በእጅ ይለቀም። ጂፕሰም ግን ጠላት ነው፣ ከኮርኒስና ከግድግዳ የወጣ ነጭ ስብርባሪ ካያችሁ ሳትሳሱ አውጡት። ኖራ ወይም ሲሚንቶ ባለበት ቦታ ጂፕሰሙ ውስጥ ያለው ሰልፌት ከሸክላ አፈሩ ጋር ተጣምሮ የሚያብጥ ክሪስታል ይሠራል፣ ማለትም ከእብጠት ሸሽታችሁ ሌላ እብጠት ገዛችሁ።

ትልቁ ቁራጭ ከቡጢ አይበልጥ። ትላልቁን ብቻ ከሞላችሁ ክፍተት ይበዛል፣ ስለዚህ ደቃቁን አትጣሉት፣ ከገረጋንቲ ጋር ቀላቅሉት። 20 ሳንቲ ሜትር አንጥፉ፣ ውሃ አርከፍክፉ፣ በመጠቅጠቂያ ማሽን ምቱ፣ ከዚያ ቀጣዩን ንጣፍ። ውሃው ስንት ነው? ደቃቁን በእጃችሁ ጨብጡት። ቅርጹን ከያዘና መዳፋችሁን ካላጨቀየ ልክ ነው። ቀን ሠራተኞቹ ቶሎ ለመጨረስ 50 ሳንቲ በአንዴ ሊገለብጡ ይፈልጋሉ፤ ላዩ ይጠነክራል፣ ታቹ ግን እንደተፈታ ይቀራል። እዚያው ቁሙ።

እኔ ራሴ የተቃጠልኩት ግን በሌላ ነገር ነው። ሰርቪሳችንን ስንሠራ ሙሌቱ ጥሩ ነበር፣ ጥቅጠቃውም እንዲሁ፣ እና በዓመቱ አንዱ ጥግ ተሰነጠቀ። ለካስ የውሃ ታንከሩ ሞልቶ የሚፈሰው እዚያ ጥግ ላይ ኖሯል። ነገሩን አስቡት፦ ውሃ በማያሳልፍ ዋልካ መሃል ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሃ በሚያሳልፍ ፍርስራሽ ስትሞሉት የሠራችሁት ገንዳ ነው። የገባው ውሃ መውጫ የለውም፣ ከስር ያለው ጥቁር አፈር ቀስ እያለ ይጠጣዋል። ስለዚህ የጉድጓዱን ወለል ወደ አንድ ወገን አዘንብሉትና ውሃው ከግቢ የሚወጣበት መንገድ ስጡት። ላይኛውን ንጣፍ ደቃቅ በሚበዛበት ገረጋንቲ ዝጉት። ሙሌቱ ከመሠረቱ ጠርዝ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይውጣ። በቤቱ ዙሪያ ደግሞ ወደ ውጭ የሚያዘነብል አንድ ሜትር ያህል የሲሚንቶ ንጣፍ ሥሩ።

ዋልካው ጥልቅ ሆኖ ሙሉ በሙሉ ማውጣት ካልተቻለ ኖራ አለ። በደረቅ ክብደት ከ4 እስከ 6 በመቶ የተለመደ ነው፣ በ5 በመቶ ብናሰላ ለአንድ ሜትር ኪዩብ 65 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ከወንጂ፣ ከመተሐራ ወይም ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚወጣው የሸንኮራ አገዳ ገለባ አመድም ይረዳል፣ ግን ብቻውን ጉልበት የለውም፣ ኖራውን የሚያግዝ እንጂ የሚተካ አይደለም። በጣም የጠቆረው በደንብ ያልነደደ ነው፣ ግራጫውን ምረጡ። አፈሩን ፈጭታችሁ ከኖራው ጋር ካዋሃዳችሁና ካረጠባችሁ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ተሸፍኖ ይደር፣ ከዚያ እንደገና አገላብጣችሁ ጠቅጥቁ። ጓንትና መነጽር አይረሳ፣ ኖራ ዓይን ያጠፋል።

ሥራውን ከጥቅምት እስከ ጥር ጨርሱት። ጉድጓዱ ተከፍቶ ዝናብ ከመጣ ወለሉ ጭቃ ይሆናል፣ ያንን ጠርጎ እንደገና መቆፈር ነው። ባህር ዛፍ ከቤቱ ቢያንስ የቁመቱን ያህል ይራቅ፣ በበጋ ከስር ያለውን እርጥበት መጦ ይጨርሰዋል። ስንጥቅ ከታየ ደግሞ ወዲያው አትለስኑት። ጫፉ ላይ በእርሳስ አስምሩ፣ ቀኑን ጻፉበት፣ ክረምቱ ሲያልፍ ተመለሱና እዩ። ከመስመሩ ካለፈ ለሳኙን ሳይሆን ውሃው የሚገባበትን ቦታ ፈልጉ።