ከጣና ሞገድ እስከ አተም ምስል፦ ተማሪዎች ደጋግመው የሚስቷቸው ነገሮች

ባሕር ዳር ላይ ፊዚክስ ሳስጠና ዓመታት ሆነኝ። ተማሪዎቹ ይቀያየራሉ፤ ስህተቶቹ ግን ያው ናቸው።

ሞገድ ውሃውን ይዞ ይሄዳል ማለት

አይሄድም። ጣና ዳር ቁሙና ጀልባ ካለፈ በኋላ አንድ ተንሳፋፊ የደንገል ስባሪ ተመልከቱ። ከፍ ዝቅ ይላል፣ ትንሽ ወደፊት ትንሽ ወደኋላ ይላል፤ ሞገዱ ግን ጥሎት ያልፋል። የሚጓዘው ኢነርጂው ነው። «ታዲያ እምቦጩ ከማዶ እንዴት መጣ?» ያለኝ ልጅ ነበር። እንዲህ የሚጠይቅ ተማሪ ደስ ይለኛል። እምቦጩን በዋናነት የሚነዳው ቅጠሉን የሚገፋው ንፋስና የውሃው ፍሰት ነው። ስለዚህ ሙከራውን ንፋስ በሌለበት ጠዋት ሥሩት።

ግራፉን ሳያነቡ መጀመር

ይሄን ስንት ጊዜ ተናገርኩ! ሁለት ዓይነት ግራፍ አለ፤ ሁለቱም ያው የሚጠማዘዝ መስመር ናቸው። በአንደኛው አግድም መስመር ላይ ያለው ርቀት ነው፣ በሌላኛው ጊዜ። የመጀመሪያው መላውን ሞገድ በአንዲት ቅጽበት ያሳያል፤ ከአናት እስከ አናት ስትለኩ የሞገድ ርዝመት ታገኛላችሁ። ሁለተኛው የአንዲትን ነጥብ ውሎ ብቻ ይነግራል፤ ያንኑ ስትለኩ የምታገኙት ፔሬዱን፣ ማለትም አንድ ሙሉ ዙር የሚፈጅበትን ጊዜ ነው። ልጁ ግን ጥምዝምዙን ገና ሲያይ «ዌቭሌንግዝ 4» ብሎ ይጽፋል። 4 ምን? ሜትር ነው ሰከንድ? አንዲት በጣም ጎበዝ ተማሪ 0.5 ሰከንዱን 0.5 ሜትር አድርጋ ፍጥነት አሰላች። ስሌቷ እንከን አልነበረውም፤ መልሱ ግን ገደል ገባ። እባካችሁ፣ እርሳስ ከማንሳታችሁ በፊት አግድሙ መስመር ላይ የተጻፈውን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። የኔ ተማሪዎች ይሰለቻቸዋል፤ እኔ ግን አልተውም።

ፍሪኩዌንሲ ሲጨምር ድምፅ ይፈጥናል ማለት

ቢሆንማ ጥምቀት ዕለት ከሩቅ ስትሰሙ ጽናጽሉ ከከበሮው ቀድሞ በደረሰ ነበር። ፍሪኩዌንሲን፣ ማለትም በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ፣ የሚወስነው ምንጩ ነው፣ ፍጥነትን ደግሞ የሚያልፍበት ነገር። ፍሪኩዌንሲው ሲያድግ የሞገድ ርዝመቱ ያጥራል፣ አለቀ። ይህን ግን ሐይቁ ላይ ልፈትሽ እንዳትሉ፤ ጥልቅ ውሃ ላይ ረጃጅሞቹ ሞገዶች ከአጫጭሮቹ ይፈጥናሉ።

«ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ድምፅ ይዘገያል»

የአየሩ መሳሳት አያዘገየውም። ወሳኙ ሙቀት ነው፤ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ እዚህም ሆነ ባሕር ጠለል ላይ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ነው።

የገደል ማሚቶ ስሌት ላይ ለሁለት አለማካፈል

ድምፁ ሄዶ ተመልሷል።

የአተምን ምስል እንደ ፎቶ ማየት

የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ልጆች እዚህ ጋ ይወድቃሉ። ከጣና የሚመጣ ሞገድ ቀጭን የደንገል አገዳ ሲያገኝ እንዳላየው ያልፋል፤ ትልቅ ድንጋይ ሲያገኝ ግን ይመለሳል። ብርሃንም እንዲሁ ነው። የሚታየው ብርሃን የሞገድ ርዝመት ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር (የሜትር ቢሊዮንኛ) ገደማ ነው፤ አተም ግን አንድ ናኖሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በተራ ማይክሮስኮፕ አተም አይለይም።

እ.ኤ.አ. በ1981 ጌርድ ቢኒግና ሃይንሪሽ ሮሬር ዙሪክ ባለው የአይቢኤም ቤተ ሙከራ ሌላ መንገድ አገኙ፣ ስካኒንግ ተነሊንግ ማይክሮስኮፕ (STM) የሚባለውን መሣሪያ፤ በ1986 ኖቤል ተሸለሙበት። በጣም ሹል መርፌ ወደ ናሙናው ሳይነካው ይጠጋል፤ ኤሌክትሮኖች ክፍተቱን ይሻገራሉ። ክፍተቱ በ0.1 ናኖሜትር ሲሰፋ በዚህ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ከረንት ወደ አንድ አስረኛ ገደማ ይወርዳል። ምስሉ የሚሠራው ከዚህ ልኬት ነው። ቀለሙን ኮምፒውተሩ ነው የሚቀባው። ብሩህ ነጥብ ሁሉም ጉብታ አይደለም፤ ኤሌክትሮን የበዛበት ቦታም ሊሆን ይችላል። የከፍታው ስኬልም ብዙ ጊዜ ተለጥጦ ይቀርባል፤ እዚህም መስመሩን አንብቡ! ናሙናው ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ከሆነ ደግሞ ይህ መሣሪያ አይሆናችሁም፤ በመርፌውና በናሙናው መካከል ያለውን ኃይል የሚለካውን ወንድሙን፣ አቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕን (AFM) ተጠቀሙ።

ምስሉ ላይ ያሉት ቅንጣቶች በሙሉ አንድ ዓይነት ቅርጽ ይዘው ወደ አንድ አቅጣጫ ካዘነበሉ ለመደሰት አትቸኩሉ። ናሙናውን 90 ዲግሪ አዙራችሁ እንደገና ቃኙት። ቅርጹ አብሮ ካልዞረ፣ ያያችሁት የመርፌያችሁን የደነዘ ጫፍ ነው። መርፌውን ቀይሩ።