ጭንቀት ሲመጣ መጀመሪያ ስኒውን ቁጠሩ

ሂርማታ መርካቶ ጨርቅ እሸጣለሁ። ደንበኛ ጠፍቶ የኪራይ ቀን ሲደርስ ልቤ ድው ድው ይላል፤ መዳፌን ያልበኛል። ይህ እብደት አይደለም። ሰውነት አደጋ የመጣ መስሎት አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ያጥራል።

ጅማ ላይ ደግሞ ነገሩን የሚያባብስ አለ፤ ቡና። አትጠጡ ብል ማን ይሰማኛል? ግን ቡናው ውስጥ ያለው ካፌይን ራሱ ልብ ያስመታል፤ ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ የጠዋቱን አቦል በደንብ አጣጥሙት። ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ቡና ስትጠራችሁ ፈንዲሻውን እየበላችሁ ብቻ ተጫወቱ። ትቀየማለች፤ ቅያሜው ያልፋል። ጫትም ያው ነው። ምርቃናው ሲወርድ የሚመጣው ድብርትና እንቅልፍ ማጣት ጭንቀቱን ይቀልበዋል።

ሲነሳባችሁ ትንፋሽ ላይ ሥሩ። እኔ ጣቃው ላይ እጄን አሳርፌ በአፍንጫዬ እስከ 4 እየቆጠርኩ አስገባለሁ፤ እስከ 6 እየቆጠርኩ ቀስ ብዬ አስወጣለሁ። ቁም ነገሩ ማስወጣቱ መርዘሙ ነው፤ የልብ ምትን ያረግባል። 5 ደቂቃ ያህል ቀጥሉ። መጀመሪያ ላይ የሞኝ ሥራ ይመስላል።

እሁድ እሁድ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ዳገቱን በእግር ውጡ። ላብ ያወጣ ሰው እንቅልፍ አይቸግረውም።

ለሳምንታት አልለቅ ካላችሁ፣ ሥራ ከከለከላችሁ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ጊዜ አትስጡት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ጸበሉንም ዱዓውንም ሳትተዉ ሂዱ።