ልጄ ስልክ ላይ ዝም ስትለኝ የሠራልኝ ነገር

ዱባይ ሰው ቤት እሠራለሁ። የ14 ዓመት ልጄ ደሴ ከእናቴ ጋር ናት። ስደውል «ደህና ነኝ»፣ «እሺ» ትልና ስልኩን ለአያቷ ትሰጣለች። «እማዬ» የምትለው እሷን ነው። እኔን በስሜ ነው የምትጠራኝ።

መጀመሪያ ብር ጨመርኩ። ስልክ ገዝቼ ላክሁ። አመሰገነችኝ፣ አለቀ። ቀጥሎ ቦቲም በሚባል የስልክ መተግበሪያ በየማታው በቪዲዮ መደወል ጀመርኩ (እዚህ የዋትሳፕ ጥሪ አይሠራም)። ባሰ። «ለማን ብዬ ነው የምለፋው?» ያልኳት ቀን ደግሞ ጭራሽ ስልኩን መቀበል አቆመች።

ዘግይቶ ነው የገባኝ። የምደውለው በእናቴ ስልክ ነበር፣ ላውድ ላይ ተደርጎ፣ ቤቱ ሙሉ እየሰማ። እዚያ መሃል ማን የልቡን ያወራል?

የዋትሳፕ የድምፅ መልእክት ግን ይሠራል። በራሷ ስልክ ላክሁላት። «ብቻሽን ስትሆኚ ስሚው፣ መልስ አልጠብቅም» አልኩ። ከ6 ዓመት በፊት እንቅልፍ ላይ ሳለች፣ ሳልሰናበታት ለምን እንደሄድኩ ነገርኳት። ይቅርታ ጠየቅኩ፣ «ግን» የምትለዋን ቃል ሳልጨምር። ከመላኬ በፊት ሦስት ጊዜ ቀድቼ አጥፍቼዋለሁ። ከዚያ መደወል አቆምኩ። ከባዱ ይሄ ነበር።

በ5ኛው ቀን የ11 ሰከንድ ድምፅ መጣ። «ስትሄጂ ነቅቼ ነበር።»

አሁን የምደውለው እሁድ ብቻ ነው፣ «ይመችሻል?» ብዬ ጽፌ። ስለ ብርና ስለ ትምህርት ውጤት ከእናቴ ጋር እንጨርሳለን፤ ከልጄ ጋር ስናወራ አይነሳም። አሁንም በስሜ ነው የምትጠራኝ። ትናንት የ4 ደቂቃ ድምፅ ላከች፦ ከዳር እስከ ዳር የሒሳብ አስተማሪዋ ሐሜት።