ጭሱ ያለቀ ከሰል አይታመንም፦ ለብርዱ ወር ከሰል፣ ጋዝና ቦይለር አጠቃቀም

ባሕር ዳር ሲባል ሰው የሚታየው ሙቀትና ዘንባባ ነው፣ ግን ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱን እዚህ ያደረ ያውቀዋል፣ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ የሐይቁ ንፋስ ሲጨመርበት ደግሞ አጥንት ይገባል። እና በዚህ ሰሞን ብዙ ቤት ከሰል ወደ መኝታ ክፍል ስለሚገባ ነው ይህን የምጽፈው፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

እኛ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። እህቴ አራስ ሆና እኛ ጋ ነበረች፣ ጥር ላይ። እናቴ ከሰሉን በረንዳ ላይ አያይዛ፣ ጭሱ እስኪያልቅ ጠብቃ፣ ፍሙ ቀልቶ ነጭ አመድ ሲለብስ ነው ማንደጃውን ያስገባችው፣ ማለት በጥንቃቄ ነው ያደረገችው። ቢምቢ እንዳይገባ መስኮቱ ከ12 ሰዓት ጀምሮ ጥርቅም ብሏል፣ በሩ ስር ደግሞ ብርድ እንዳይገባ ጨርቅ ተወትፏል። ማታ ላይ እህቴ ራሴን አመመኝ አለች፣ የአራስ ነው ብለን ዝም አልን። ትንሽ ቆይቶ አብራት የተኛችው የአክስቴ ልጅም ራሴን ከፈለኝ፣ ወደ ላይ ሊለኝ ነው አለች። ሕፃኑን ለጡት ሲያነሱት አፉ ጡቱን መያዝ አቃተው፣ ከንፈሩ ላይ ወተቱ ዝም ብሎ ይፈሳል። እናቴ ያኔ ነው በሩን በርግዳ ሁሉንም ወደ ግቢ ያወጣቻቸው፣ ሆስፒታል ኦክስጅን ተደርጎላቸው ተረፉ፣ ተመስገን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚገድለው የሚታየው ጭስ አይደለም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ነው፣ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ዓይን አያቃጥልም። ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋም ይህ ጋዝ መውጣቱን አያቆምም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን እሱን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚይዝ፣ ሰውየው አየር እየሳበ ሰውነቱ ኦክስጅን ያጣል፣ ከዚያ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ ተኝቶም አይነሳም። ከአዊ ዞን የሚመጣው ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ከሰልም ሆነ የግራር ለውጥ የለውም። እስከ ጠዋት ይቆይ ተብሎ በአመድ የተዳፈነ እሳት ደግሞ ይብሳል፣ አየር ስለሚያንሰው።

ስለዚህ ሰው የሚተኛበት ክፍል ከሰል አይደር፣ በቃ። ቡና ሲፈላም በርና መስኮት ይከፈት፣ በረካው ከተጠጣ በኋላ ማንደጃው ወዲያው ወደ ውጭ ይውጣ። ቢምቢውንስ ለምትሉ፣ መስኮቱ ላይ የሽቦ ወንፊት አስመቱበት፣ አየሩ ይገባል ቢምቢው ይቀራል። ለብርዱ ጋቢ መደረብ፣ ካልሲ ማድረግ፣ ሃይላንድ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ሞልቶ በጨርቅ ጠቅልሎ እግር ስር ማድረግ ይበቃል (የፈላ አይሁን፣ ፕላስቲኩ ይጨማደዳል፣ ለሕፃን ደግሞ ገላው ጋ አይነካ)።

አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሁለት ሰዎች ባንዴ ራሴን ካሉ፣ ወይ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከመጣ፣ መጀመሪያ ሁሉም ሰው ይውጣ፣ ማንደጃው በኋላ ይደረስበታል። ወተት ላጠጣው፣ ሎሚ ላሽተው እያላችሁ ጊዜ አታጥፉ፣ የሚያድነው ንጹሕ አየርና ኦክስጅን ነው፣ 907 ደውላችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ፣ ወይ ባጃጅም ይሁን ይዛችሁ ሂዱ። እርጉዝና ሕፃን ካለ ተሻለኝ ቢሉም ይታዩ።

ውጭ ያሉ ዘመዶቻችን ቤታቸውን የሚያሞቁት በጋዝ ቦይለር ነው፣ ግን የእነሱ የተቃጠለውን አየር በቧንቧ ወደ ውጭ ያስወጣል፣ በየዓመቱ ባለሙያ ያየዋል፣ ግድግዳቸው ላይም ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲኖር የሚጮህ አላርም አለ። የሚመጣ ሰው ካላችሁ ከሽቶ ይልቅ እሱን አስመጡ፣ በባትሪ የሚሠራ አለ።

የኛ የጋዝ ምድጃ ግን ቧንቧ የለውም፣ ለማብሰያ እንጂ ለማሞቂያ አልተሠራም፣ ክፍል ይሙቅ ተብሎ በርቶ አይተው። ነበልባሉ ሰማያዊ መሆን አለበት፣ ቢጫ ሆኖ ድስት ካጠቆረ በትክክል እየተቃጠለ አይደለም፣ አስጠርጉት። ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር ሬጉሌተሩና ጎማው መጋጠሚያ ላይ የሳሙና አረፋ ቀቡት፣ አረፋው ከተነፋ ጋዙ እያፈሰሰ ነው ማለት ነው፣ በክብሪት የሚሞክር ሰው አይቻለሁ፣ በፈጣሪ! ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ነው የሚተኛው፣ ከሸተታችሁ ሲሊንደሩን ዝጉ፣ በር ክፈቱ፣ መብራት አታብሩ አታጥፉም፣ ስልክም ውጭ ወጥታችሁ ደውሉ። በብርድ ጋዙ ደከመ ብሎ ሲሊንደሩን ማጋደም ወይ ከሰል አጠገብ ማስጠጋት ፈጽሞ አይሆንም። አንድ ክፍል የተከራያችሁ ተማሪዎች፣ ከቻላችሁ ሲሊንደሩ ከውጭ ይሁን።

የሻወር ቦይለር በመብራት ስለሚሠራ አያፍንም፣ የሱ ጣጣ ሌላ ነው። ኧርዝ (ወደ መሬት የሚገባው ሽቦ) ሳይኖረው እንዳታስገጥሙ፣ ስትታጠቡም ብሬከሩን አጥፉት። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ቶሎ አታብሩት፣ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍታችሁ አየሩ ፉት ፉት ብሎ አልቆ ውሃው ሳይቆራረጥ ሲወርድ ነው የሚበራው፣ ባዶውን ከበራ ማሞቂያው ይቃጠላል። ከሥሩ ካለችው ሴፍቲ ቫልቭ ሲሞቅ ጠብ ጠብ ማለቱ ጤነኛ ነው፣ ትርፍ ግፊቱ የሚወጣው በዚያ ነው፣ ወለሉ ረጠበ ብላችሁ እንዳትደፍኗት፣ ከሥሯ ጆግ አስቀምጡ።