በድሬዳዋ የተሽከርካሪ ጭስን ለመቀነስ የአካባቢ ጥበቃና የጤና ተቋማት እንዴት በጋራ ይሥሩ?

የመጀመሪያው ሥራ መሣሪያ መግዛት ሳይሆን የአካባቢ ጥበቃ፣ የጤናና የትራንስፖርት ኃላፊዎችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ማሰባሰብ ነው፤ ጭሱን የሚቆጣጠረው አንዱ፣ በጭሱ የታመመውን የሚያክመው ሌላው ሆኖ መዝገቦቻቸው ካልተገናኙ የጉዳቱን መጠን ማወቅ አይቻልም።

ቀጥሎ መለኪያ ይተከል። ዲያሜትራቸው ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጥ ብናኞች ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ገብተው ከደም ጋር ሊቀላቀሉ ስለሚችሉ፣ በዋናነት መመዝገብ ያለባቸው እነርሱ ናቸው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መመሪያ ዓመታዊ አማካያቸው በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም፣ የ24 ሰዓቱ ደግሞ ከ15 እንዳይበልጥ ይመክራል። መለኪያዎቹ ባጃጅ በሚበዛበት በመጋላ፣ የጭነት መኪና በሚያልፍበት መንገድ ዳር፣ ለማነጻጸሪያም ዛፍ ባለው ከዚራ ቢተከሉ ይመረጣል። (ነፋስ ከደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ የሚያነሳው አቧራም ስለሚመዘገብ ሁሉንም በባጃጅ ማሳበብ አይገባም።)

ጤና ጣቢያዎች የአስምና የሌሎች የመተንፈሻ አካላት ሕሙማንን በቀንና በቀበሌ ለይተው ይመዝግቡ፤ መዝገቡም በየወሩ ከመለኪያዎቹ ውጤት ጋር ይነጻጸር። እርምጃው ከዚህ ይነሣል፦ በዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ጭስን በዓይን ከመገመት ይልቅ በመሣሪያ መለካት፣ የጅቡቲን ጭነት በተቻለ መጠን ወደ ኤሌክትሪክ ባቡሩ ማዞር፣ አሮጌ ባጃጆችንም ደረጃ በደረጃ በኤሌክትሪክ መተካት። ለባለንብረቱ ብድር ሳይመቻች እገዳ ማውጣት ግን የዕለት እንጀራውን መንጠቅ ስለሚሆን፣ ብድሩ መቅደም አለበት።